አፍሶ መልቀም

ኩማሲ ውስጥ ሱዋሜ፣ የመካኒክ መንደር፣
ዝናብ የማያጥበው፣ ዘይት የጠጣ አፈር፤
ከመዶሻው ጩኸት ግንብ በለየው ክፍል
ዴዴ ላርቢ ቆማ ጠመኔ ስትከፍል፦
«አርባ ደቂቃ ነው፤ ድርሰቱ አንድ ብቻ፣
አምስቷን ለሐሳብ፣ ለበሩ መክፈቻ።»

ርዕሱ ሰሌዳ ላይ፦ «የዘገየሁበት ቀን»፣
ሠላሳ ስምንት ራስ ጎንበስ አለ ወዲያውን።
ብዕር ጥርስ መሃል፣ ዓይን ጣሪያ ላይ ቀረ፤
አንድም መስመር ሳይወልድ ደቂቃው ተቆጠረ።
ሰርዋ «መግቢያ» ብላ ከሥሩ አሰመረች፤
መስመሩን አሳምራ እሱኑ ደገመች።
ባፎር አንድ ቃል ጽፎ፣ መልሶ እያጠፋ፣
ወረቀቱን በሳው፤ ያም ቃል ራሱ ጠፋ።

ቅዳሜ። መኪናዋ፣ አሮጌው፣ የእህቷ፣
ማርሽ አልገባ ብሎ ቆመ ከደጅ ቤቷ።
የባፎር አባት ነው ከሥሩ የገባ፣
አጊማን ይሉታል፤ ቱታው ግሪስ የጠባ።
ቆርቆሮ አነሣ፣ የስንት ዘመን ብሎን፣
ዳዶ፣ ሞላ፣ ቀለበት፣ ዝገት የበላውን፣
ሸራ አነጠፈና ሁሉን ዘረገፈ፤
ብረቱ ተንጫጫ፣ ፀሐይም ጠለፈ።
«ጊዜ አይፈጅም?» አለች። ቀና ሳይል እሱ፦
«ጊዜ የሚፈጀውማ እጅ ከቶ መዳበሱ።
ቆርቆሮ ጨለማ ነው፣ ጣት ዓይን የለውም፤
ልክ ይሁን አይሁን፣ ሳታይ አታውቂውም።»

(በእኛ አገር ተረቱ ለወቀሳ ነበር፣
«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲባል በመንደር።
እዚህ ግን ቸኳዩ ቀድሞ ካላፈሰሰ
ምን አግኝቶ ሊለቅም? ሰዓቱ ፈሰሰ።)

ሰኞ ያንን ሸራ ይዛ መጣች ተበድራ።
«ዘርግፉ» አለቻቸው፣ «መልካም ሆነ ተራ፤
ፊደል ቢሳሳትም እጃችሁ እንዳይቆም፤
ሰዓቱ የመድፋት ነው፣ የመምረጥ አይደለም።»
ባፎር ሸራውን ሲያይ አንገት ደፋ በእፍረት፤
የአባቱ ጠረን ነው፣ ዘይትና ብረት።

የዘገየሁበት ቀን፦
ትሮትሮ ሚኒባስ፣ የአያቴ ጥርስ፣
ነጠላ ጫማዬ፣ የረዳቱ ልብስ፣
ዶሮ በመንገድ ላይ፣ የተሳሳትኩት በር፣
ቀብር፣
የሌላ ሰው ቀብር፣
ሳቅ፣ የእናቴ ዝምታ፣ የባቄላው ነገር...

ሰርዋ ከክምሩ ሦስት ብቻ ከበበች፦
ጥርስ፣ የሌላ ሰው ቀብር፣ በር። ጽፋም ጨረሰች።
(በስህተት ያለቀሰችለት ሟች ማን እንደሆነ
እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ድርሰቱ ግን ሆነ።)
ባፎር «የአባቴ እጅ» ብሎ ጽፎ ሰረዘው፤
ጥቂት ቆየና ግን መልሶ ከበበው።

አዳሙ ግን፣ እሱ፣ ከዞንጎ የሚመጣው፣
ቃል ቃልን ጠራበት፣ አንዱ ሌላ አመጣው፤
ኅዳጉ ሞላና ገጹን ተሻገረ፤
ደወሉ ሲደወል ገና ይጽፍ ነበረ።
መቶ አሥራ አራት ቃል። ድርሰት አንድም የለ።
«ሁሉም ደስ ይሉኛል፤ ማንን ልጣል?» አለ።

ዴዴ አልሳቀችም። ማታ፣ ሸራውን ልትመልስ ሄዳ፣
«ካፈሰሱስ ወዲያ?» አለች እንደ እንግዳ።
አጊማን መልስ አልሰጠም። ሸራውን ተቀብሎ
ዘረገፈ ደግሞ፣ ሌላ መኪና ሥር ውሎ፤
አንዷን ብሎን መርጦ በአውራ ጣቱ አሸ፣
ወደ ብርሃን አያት፣ በቱታው ወለወለ።
ከዚያ የቀረውን አልቆጠረም፣ አላየም፤
አራቱን የሸራ ጫፍ ገጥሞ ሰበሰበ፤
ብረቱ ወደ ቆርቆሮው እንደ ዝናብ ዘነበ።
«ለሌላ መኪና ነው» አላት። «አልጣልኩትም እኮ።»

ስትመለስ መንገድ ላይ፣
ከመቶ አሥራ አራት ቃል
ስንት ድርሰት ይወጣል ብላ ስታሰላ፣
ሦስተኛው ማርሽ እንደገና
እምቢ አላት።